የዕዳ ደብዳቤና ላጲስ

ካንቫስ የሚባለው የድረ ገጽ መሣያ አንድ ጠባይ አለው፤ የተሣለበትን አያውቅም። ክብ ሣል ሲባል ይሥላል፤ ሥሎ ከጨረሰ በኋላ ግን ክብ የሚባል ነገር በእጁ የለም። የቀረው በረድፍ የተሰደረ የቀለም ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቧ ፒክስል ትባላለች፤ እያንዳንዷም አራት ቁጥር ይዛለች። ሦስቱ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ናቸው፤ አራተኛው ምን ያህል እንደምትጋርድ ይናገራል። ሁሉም ከ0 እስከ 255 ነው የሚቆጠሩት። «ቅድም የሣልኸውን ክብ ትንሽ ወደ ግራ አድርግልኝ» ቢሉት የቱን ክብ ይላል። ኤስቪጂ የሚባለው ዘመዱ እንዲህ አይደለም። እሱ ክቡን ክብ አድርጎ መዝግቦ ይቆያል፤ በስሙ ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ቀለም ቀይር ሲሉት ይቀይራል።

እንጀራዬን የምበላው በዚሁ ሥራ ነው። ልጆች ፊደል የሚለማመዱበት ገጽ የምንሠራ ጥቂት ሰዎች ነን። ከሥር ደብዘዝ ያለች «ሀ» ትቀመጣለች፤ ልጁ በጣቱ ይከተላታል፤ ጣቱ የሄደበት በካንቫሱ ላይ መስመር ሆኖ ይቀራል። ተጠቃሚዎቻችን አዲስ አበባም፣ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ጅዳም አሉ፤ «ሐ» መሃል እግሯ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም እኩል ይስታሉ። ልጅ ያለበት ቦታ ደግሞ ላጲስ መጠየቁ አይቀርም። ላጲስ ልሠራ ተቀምጬ ነው ከሥራዬ ውጪ የሆነ ጥያቄ ውስጥ የገባሁት፦ የሆነ ነገር እንዳልሆነ ሊደረግ ይችላል ወይ? እግዚአብሔር ይቅር ሲል፣ ወይም ሰው ይቅር ሲል፣ የተደረገው ነገር ራሱ ምን ይሆናል?

ጥያቄው የቆየ ነው፤ ከሊቃውንት አፍም ጠፍቶ አያውቅም። ካንቫስ ግን የትናንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ያመጣው አፕል ሲሆን፣ ሐሳቡ ለማክ ኮምፒውተር ዳሽቦርድ የሚባል የሰዓት፣ የካልኩሌተርና የአየር ጠባይ ማሳያ ሰሌዳ መሥራት ነበር። በማግስቱ ዓመት ፋየርፎክስ ተቀበለው፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን እስከ 9ኛው እትሙ፣ እስከ 2011 ድረስ አንገራገረ። ከመካከላቸው ስለ ነፍስ ጉዳይ ያሰበ አልነበረም። ሆኖም ምንም የማያስታውስ ገጽ ሠርተው ሰጡን፤ እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ደግሞ መደምሰስ ምን ማለት እንደሆነ ራቁቱን ይታያል።

ቀላሉ ላጲስ ነጭ ቀለም ነው። ልጁ ላጲስ ሲመርጥ እርሳሱ ነጭ ይደረጋል፤ በጥቁሩ ላይ ነጭ ይሄድበታል፤ ወረቀቱ ነጭ ስለሆነ የጠፋ ይመስላል። ትምህርት ቤት በፍሉድ እንደምናደርገው ማለት ነው። ነገሩ የሚጋለጠው ወረቀቱ ሲቀየር ነው። ከሥር መስመር ያለው የደብተር ገጽ የገባ ዕለት፣ ወይም ማታ ዓይን እንዳይወጋ ጀርባው የጠቆረ ዕለት፣ የተደመሰሰው ሁሉ ነጭ ጠባሳ ሆኖ ይወጣል። ጥፋቱ የነበረበት ቦታ ከጥፋቱ ከራሱ ይልቅ ይጎላል።

አገራችን ውስጥ ብዙ ዕርቅ በዚህ ላጲስ የተሠራ ነው። አክስቴ ቤይሩት ሰው ቤት እያገለገለች ለዓመታት የላከችው ገንዘብ ቤት ሆነ፤ ካርታው ግን በወንድሟ፣ በአጎቴ ስም ወጣ። ተመልሳ ስትመጣ ሽማግሌ ተላከባት። ሽማግሌዎቹ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ክፉ አላሰቡም። «እንዳልነበረ ቁጠሪው፤ ወንድምሽ ነው፤ ሥጋሽ ነው» አሏት። እሷም፣ «ምኑን ነው እንዳልነበረ የምቆጥረው? ቤቱ እኮ ቆሟል፤ አሁን የገባችሁት በበሩ አይደለም እንዴ?» አለች። መቼም አክስቴ አፏ አይታማም። በመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ ወንድሟን ስማዋለች። አንድ ነገር ግን እምቢ ብላለች፤ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ።

ከነጭ ቀለም የተሻለ ላጲስ አለ። ካንቫስ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚወስን ቅንብር አለው፤ ደንቦቹን ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ የተባሉ ሁለት የሉካስፊልም ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1984 አውጥተዋቸዋል። ከአማራጮቹ አንዱ ዴስቲኔሽን አውት ይባላል፤ እሱን ሲመርጡ እስክርቢቶው ቀለም መጨመሩን ትቶ ያለውን ይነሣል። እንግዲህ እዚህ ላይ ፍትሕ የሚመስል ሐሳብ ይመጣል። ልጁ የሣላትን መስመር በዚያው ውፍረት፣ በዚያው መንገድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትሎ መንሣት። በልክ የተሠራውን በልክ ማጥፋት።

መስመሩ ይጠፋል። ጠርዙ ግን አይጠፋም። ስክሪኑን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው የመስመሩ ግራና ቀኝ እንደ ፀጉር የቀጠነ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ውስጡ ባዶ የሆነ የመስመር ቅርፊት። ምክንያቱ ሂሳብ ነው። ጠርዝ ላይ ያለችውን ፒክስል መስመሩ የሚሸፍናት በከፊል ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ እንዳይመስል፣ ግማሿ ለተሸፈነች ፒክስል ግማሽ ጥቁረት ይሰጣታል፤ 128 ያህል። ሲነሣም በዚያው ልክ ያለውን ግማሹን ይነሣል፤ የግማሹ ግማሽ ይቀራል፣ 64። በዚያችው መስመር ደግሞ ቢሄዱባት 32፣ ደግሞ ቢሄዱባት 16። መሃል ያለችው ሙሉ ጥቁር ፒክስል በአንድ ጊዜ ነጽታ ስታበቃ፣ በግማሽ የተነካችው ገና ትጎተታለች።

ይህን ሳይ የመጣችብኝ አያቴ ናት። ከበደሉ መሃል የነበሩት አክስቴና አጎቴ ናቸው፤ ሁለቱ ተሳሳሙ፣ አለቀ። አያቴ ጠርዝ ላይ ነበረች። ከየትኛውም ልጇ ሳትወግን፣ በሁለቱም በግማሽ ተነክታ፣ ዕርቁ ከወረደ በኋላም የማንኛቸውንም ቡና ሳትጠጣ ስንት ወራት ቆየች። ካሣ ሲቆጠር በበዳይና በተበዳይ ልክ ነው የሚቆጠረው፤ በከፊል ለተነካ ሰው የወጣ ተመን የለም።

ብዙ ሰው ቀኖናንም እንደዚህ ያስበዋል። የንስሐ አባት ጾምና ስግደት ሲያዙ በኃጢአቱ ልክ ተመትሮ የተሰጠ፣ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ የሚሄድ ላጲስ ይመስለዋል። የሰፈራችንን ቄስ፣ አባን፣ ስለዚህ ጠይቄአቸው ተቆጡ። «ቀኖና ለቁስሉ መድኃኒት ነው እንጂ ለዕዳው ክፍያ አይደለም። ዕዳውን የከፈለው ሌላ ነው። አንተ ስትሰግድ ዕዳ እየቀነስህ ይመስልሃል?» አሉኝ። የ64ቱን ነገር አልነገርኋቸውም፤ ብነግራቸው ግን እሳቸው የሚሉትን ነው የሚያጠናክርላቸው።

ጊዜ ራሱ ላጲስ ነው የሚል አለ። ካንቫስ ላይ ይህም ይሠራል። ልጁ ፊደሏን ጽፎ ሲጨርስ መስመሩ ቀስ እያለ እንዲደበዝዝ ከተፈለገ፣ ብራውዘሩ ገጹን በሚያድስ ቁጥር፣ ማለትም በአብዛኛው በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል፣ 5 በመቶ ብቻ የሚጋርድ ስስ ነጭ ይለበስበታል። ያምራል። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫው ይገረጣል፣ ከዚያ ጠፋ ሲሉት ይቆማል። ቀኑን ሙሉ ቢጠብቁት ከዚያ አያልፍም። ቀለሙ የሚቀመጠው በሙሉ ቁጥር ነው፤ ክፍልፋይ አይያዝም። ከነጩ፣ ከ255፣ ያለው ልዩነት ከ10 ሲያንስ 5 በመቶው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋ 0 ነው። ስለዚህ መስመሩ 245 ወይም 246 አካባቢ ሲደርስ ባለበት ይረጋል፤ እንደ መሣሪያው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ነገሩ ያው ነው። በፀሐይ ስልኩን ለያዘ አይታይም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪኑን ለሚያየው ይታያል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ይህን ሳያውቁ የተባለ አይመስለኝም፤ ለአንዱ 245 ነጭ ነው፣ ለሌላው አይደለም።

ካንቫስን ለጀማሪ የሚያስተምር ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ነገር አለች። ገጹ በሙሉ ተጠርጎ አዲስ መስመር ሲሣል፣ የተጠረገው አሮጌ መስመር አብሮ ተመልሶ ይመጣል። ጠራጊው ትእዛዝ፣ ክሊር ሬክት፣ የሚያጸዳው ፊቱን ብቻ ስለሆነ ነው። እስክርቢቶው እስካሁን የዞረበትን መንገድ ለብቻው ይዞታል፤ ቢጊን ፓዝ ተብሎ አዲስ መንገድ ካልተከፈተለት በሚቀጥለው ንክኪ የድሮውንም ደርቦ ይሥላል። ተናዝዞ ወጥቶ ማታውኑ እዚያው የተገኘ ሰው ይህን ለመረዳት ፕሮግራመር አያስፈልገውም።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ያበሳጨኛል። ከሌላ ሰው ድረ ገጽ ያለ ፈቃድ የመጣ ምስል አንድ ጊዜ ካረፈበት ብራውዘሩ ካንቫሱን የተበከለ ብሎ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ኮድ ፒክስሎቹን እንዲያነብ አይፈቀድለትም። ምክንያቱ በቂ ነው፤ የሰው ምስጢር በዚያ በኩል እንዳይሰረቅ ነው። ግን ያ ምስል ተጠርጎ ካንቫሱ አንዲት ነጥብ ሳይቀርበት ባዶ ቢሆንም ምልክቱ አይነሣለትም። ንጹሕ ነው፤ የተበከለም ነው። ቅጣቱን ጨርሶ ከእስር ቤት የወጣ ሰው ሥራ ሲጠይቅና ቤት ሲከራይ የሚያየው ይሄንኑ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ብሎታል፣ ፍርድ ቤቱ አሰናብቶታል፣ የሰፈሩ ሰው ግን ከእሱ ጋር ቡና ሲጠጣ ወንበሩን ራቅ ያደርጋል።

እውነተኛው መመለሻ ካንቫሱ ውስጥ የለም። ከካንቫሱ ውጪ ነው የሚሠራው። ልጁ ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር የሄደባቸው ነጥቦች ሁሉ፣ ቀለሙ፣ ውፍረቱ፣ ተራው በዝርዝር ይያዛሉ። ልጁ የመመለሻውን ምልክት ሲነካ ያቺ መስመር ከዝርዝሩ ትወጣለች፤ ካንቫሱ ሙሉ በሙሉ ይጠረጋል፤ የቀሩት ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ አዲስ ይሣላሉ። ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል። ቅርፊት የለም፣ 245 የለም። ያቺ መስመር አቋርጣት የነበረችው ሌላ መስመር እንኳ የተቆረጠ ቦታ የላትም፤ በዴስቲኔሽን አውት ቢሆን መሃሏ ተበስቶ ይቀር ነበር።

የኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። የሚረሳ ነገር መመለስ አይችልም። ካንቫስ ምንም አይዝምና ምንም ይቅር ሊል አይችልም፤ መሸፈን፣ መፋቅ ወይም ማደብዘዝ ነው የሚችለው፤ ያም ካልሆነ ሁሉንም አብሮ መጥረግ። የትኛዋ ጥቁር ነጥብ የስሕተቷ መስመር፣ የትኛዋ የደህናዋ እንደሆነች ለይቶ አያውቅማ። አንዲቱን ብቻ አውጥቶ ሌላውን ሳይነካ መተው የሚችለው ሁሉንም ከነተራው የያዘ ነው።

ልጅ ሳለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። በነቢዩ ኢሳይያስም በነቢዩ ኤርምያስም እግዚአብሔር የሕዝቡን ኃጢአት ዳግም እንደማያስብ ይናገራል። ሁሉን የሚያውቅ እንዴት ይረሳል? አንድም ነገር ከረሳ ሁሉን አያውቅም፤ ካልረሳ ደግሞ ቃሉ ምን ሊሆን ነው? መምህራችን «እንደማያውቅ ይሆናል» ብለው አለፉት፤ ለኔ ይህ የነጭ ቀለሙ መልስ ነበር። አሁን የሚመስለኝ ሌላ ነው። ይቅርታው ከዕውቀቱ ይወጣል። እያንዳንዱን ነገር እስከ ጠርዙ፣ እስከ ግማሽ ፒክስሏ የሚያውቅ ስለሆነ ነው ሥዕሉን ያለዚያች መስመር ሊሥለው የሚችለው። የሚረሳ አምላክ ቢሆን ኖሮ ኃጢአቴን ለማጥፋት እኔንም አብሮ መጥረግ ነበረበት። የኖኅን ዘመን ያነበበ ጠረጋ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ነገር ግን ይህ መመለሻም ወሰን አለው፤ ወሰኑ ደግሞ የቴክኖሎጂ አይደለም። የመጨረሻዋን መስመር ማውጣት ቀላል ነው። ከመሃል ማውጣት ነው መከራው። ልጁ መጀመሪያ የ«ሐ»ን ጣሪያ ይሥላል፤ ከዚያ ሦስቱን እግሮች ከጣሪያው ጀምሮ ያወርዳል። ጣሪያው ጠሞበታልና አውጣልኝ ቢል እግሮቹ ምንም የያዛቸው ሳይኖር አየር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ደግሞ እግሮቹ ራሳቸው ጠማማ የሆኑት የጠመመውን ጣሪያ ፍለጋ ነው። ጣሪያው ባይኖር የዚያ ቅርጽ እግሮች አይኖሩም ነበር። ከዝርዝሩ አንዲት ነገር ስታወጣ፣ በእሷ ምክንያት የመጡትንስ ምን ታደርጋቸዋለህ?

አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ አጋቶን የተባለውን ባለ ቅኔ ጠቅሶ፣ የተደረገውን እንዳልተደረገ ማድረግ ለአምላክ እንኳ የተከለከለ ብቸኛ ነገር ነው ይላል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጴጥሮስ ዳሚያኒ የሚባል የኢጣልያ መነኩሴ ይህ ለአምላክ ክብር የሚገባ አልመሰለውም። ነገሩን ያስነሣው የቅዱስ ጄሮም አንድ አባባል ነው፤ አንዲት ልጅ ድንግልናዋን ካጣች በኋላ እግዚአብሔር እንኳ ሊመልስላት አይችልም የሚል። ዳሚያኒ የአምላክ ሥልጣን በትናንትና ነገ እንደማይታጠር፣ ለእሱ ሁሉም ጊዜ እንደ አሁን እንደሆነ ጽፎ ረጅም ደብዳቤ ለሞንቴ ካሲኖ ገዳም አበምኔት ላከ። ሁለት መቶ ዓመት ዘግይቶ ቶማስ አኲናስ መለሰው፦ የሆነን ነገር እንዳልሆነ ማድረግ ኀይል ማነስ ወይም መብዛት አይደለም፤ ነገሩ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ነው፤ ስለዚህም ከሚቻል ነገር ውስጥ አይቆጠርም። እኔ ከአኲናስ ጋር ነኝ፤ ከምክንያቱ ጋር ግን አይደለሁም። የእሱ ምክንያት የሎጂክ ነው፤ የእኔ የአክስቴ ነው።

አጎቴ ያ ቤት ባይኖረው ኖሮ ሚስቱን አያገባትም ነበር፤ ወላጆቿ ቤት የሌለው ሰው አንሰጥም ያሉ ናቸው። እሷን ባያገባ ልጃቸው አይወለድም ነበር። ልጁ ዛሬ አብዛኛውን ሌሊት የሚያድረው አክስቴ ጋ ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያውን የምትከፍለው እሷ፣ ሲያጠፋ የምትቆጣው እሷ፣ እኛ የሠራነውን ገጽ ከፍቶ «ሐ»ን ሲያበላሽ አጠገቡ ቁጭ የምትለው እሷ። አንድ ቀን፣ እንዲያው ለጨዋታ፣ «እትዬ፣ የመመለሻ ቁልፍ ቢሰጥሽና ካርታው በስምሽ ቢወጣ፣ ግን ልጁ ባይኖርስ?» አልኋት። «ሂድ ከፊቴ!» አለችኝ። ልጁን ወደ ጉያዋ አስጠግታ ነበር ያለችኝ።

እንግዲህ አክስቴ በደሉ እንዳልነበረ እንዲሆን አትፈልግም፤ እንደነበረ ሆኖ ደግሞ በደል ነው። ይህን የትኛውም ላጲስ አይሠራውም። እዚህ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ ሙስሊም ነው፣ አንድ ነገር አነሣ። ለእያንዳንዱ ሰው የሚጽፉ ሁለት መላእክት፣ ረቂብና ዐቲድ፣ አሉት፤ ዝርዝሩ አለ ማለት ነው። ነገር ግን በሱረቱል ፉርቃን ውስጥ ተጸጽቶ ለተመለሰና መልካም ለሠራ ሰው አላህ ክፉ ሥራውን በመልካም እንደሚለውጥለት የሚናገር አንቀጽ አለ። «መስመሯን ለምን ታወጣታለህ? ቀለሟን ለውጣት» አለኝ፤ እንደ ፕሮግራመር ነበር የተናገረው። በእርግጥም ዝርዝር ከያዙ ይህ ይቻላል። መስመሯ በቦታዋ ትቀራለች፣ በእሷ ምክንያት የመጡት እግሮች አይንጠለጠሉም፤ ቀለሟ ግን ሌላ ነው። ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ የአክስቴን ነገር ቀረብ ብሎ የሚያየው ይኸኛው ነው። ሙፈሲሮች አንቀጹን እንዴት እንደሚተነትኑት የሚናገረው የሚያውቅ ሰው ነው፤ እኔ የወሰድሁት የባልደረባዬን ሐሳብ ነው።

ዝርዝር የያዘ ሁሉ ይቅር ባይ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ልብ ይባል። ደርግ መዝገብ ይወድ ነበር። ማን ተያዘ፣ ማን «እርምጃ ተወሰደበት» እያለ ፊርማና ማኅተም አኑሮ ፋይል አደረገ፤ እነዚያ ፋይሎች እ.ኤ.አ. በ1994 በተከፈተው ችሎት በራሳቸው ጸሐፊዎች ላይ መሰከሩ፤ በ2006ም መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ። ዛሬ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ የገባ ሰው ፎቶግራፎቹን አይቶ «እርሱት» የሚለው ምክር ለማን ቀላል እንደሆነ ይገባዋል። ይቅርታ ስጡ ብሎ የሟች እናትን መጠየቅ ይቻል ይሆናል፤ ልጅሽን ከዝርዝሩ አውጪው ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

አክስቴ እምቢ ያለችው ይህንኑ ነው። ገንዘብ የላከችባቸውን የሐዋላ ደረሰኞች በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ቋጥራ ይዛ መጥታለች። ሽማግሌዎቹ ለዕርቁ ምልክት ፊታቸው እንድትቀዳቸው ለመኗት። «ይቅር ብያለሁ። ወረቀቴን ግን አልቀድም» አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባ ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ዕርቁ ሙሉ እንዳልሆነ ነው የሚያምኑት።

በዚህ ከአባ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እኔ የካንቫሱን ነገር፣ የያዘ ነው መመለስ የሚችለው የሚለውን፣ በሚገባቸው ቋንቋ አስረድቼ ስጨርስ ወደ ጥምቀት ወሰዱኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ነው፤ አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ ዲያብሎስ መከራውን አጽንቶባቸው ባሪያዎቹ እንደሆኑ በሁለት ድንጋይ ላይ አጽፎ ወሰደ፤ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል ቀበረው። ጌታ ሲጠመቅ የዮርዳኖሱን፣ ሲሰቀል የሲኦሉን ደመሰሰው። «እንግዲህ፣ ልጄ» አሉ አባ፣ «የዕዳ ደብዳቤው ተደመሰሰ ነው የሚለው። ቋጥሮ አስቀመጠው አይልም።»

ጥሩ አድርገው ነው የያዙኝ። ግን አንድ ነገር ነበረኝ። «አባ፣ ደብዳቤው የነበረው በከሳሹ እጅ ነው፤ ጌታ የቀማው ከከሳሹ ነው። ደግሞስ በየዓመቱ ጥር ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈበት ለልጆቹ ቃል በቃል የሚነግሩት እርስዎ አይደሉም? ደብዳቤው ጠፋ፤ ቃሉን ግን የማያውቅ ሕፃን የለም። ባናስታውሰው ኖሮ የጠፋልን ምን እንደሆነ በምን እናውቅ ነበር?»

አባ ትንሽ አሰቡ። «የሚያስታውሰው ማነው ታዲያ?» አሉኝ። «የአዳም ልጅ ነው፤ ዕዳ የተነሣለት። ዕዳውን ያነሣው አይደለም። በአንተ ስሌት ከሄድን ወረቀቱን መያዝ ያለበት አጎትህ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።»

ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም። ጠዋት ማታ ዝርዝሩ መያዝ አለበት እያልሁ በማን እጅ የሚለውን አስቤው አላውቅም ነበር፤ በእኛ ፕሮግራም ዝርዝሩን የሚይዘው ኮዱ ነው፣ በዳይም ተበዳይም አይደለም። የአባ ሐሳብ እያደር ትክክል መሰለኝ፦ የተበደለው እጁን ያራግፍ፣ የበደለው ይያዝ፣ ባየው ቁጥር ምን እንደተደረገለት ይወቅ። ቅዳሜ አክስቴ ጋ ሄጄ ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኋት፤ ከረጢቱን ለአጎቴ ሰጥታ እሱ እንዲጠብቀው።

ቡናውን እየቀዳች ሰማችኝ። «እሱ ይጠብቅልኝ?» አለች። «ቤቱንም እኮ ጠብቅልኝ ብዬ ነው የሰጠሁት።»